ኮብልስቶኑ በየክረምቱ ለምን ይሰምጣል?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ። ከባለቤቴ ጋር ሃያ ዓመት ቆጥበን ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ መንገድ ዳር፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርተናል። እሱ ካረፈ ወዲህ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ምድር ቤቱን ፋርማሲ፣ ካፌና የሕንፃ መሣሪያ መደብር ተከራይተውታል። ከቤቱ እስከ ይዞታዬ ወሰን ያለውን ስምንት ሜትር ያህል ቦታ ከአራት ዓመት በፊት ኮብልስቶን አስነጠፍኩ፤ የፋርማሲውን ደረጃ ደግሞ ሴራሚክ አለበስኩት። ኮብልስቶኑ በየክረምቱ ከግድግዳው ሥር ይሰምጣል፣ መሀሉ ያብጣል፣ ውሃ ያቁራል። በየዓመቱ አሸዋ እየጨመርኩ አስተካክላለሁ፤ ዓመቱ ሲዞር ያው ነው። ባለፈው ሐምሌ መድኃኒት ሊገዙ የመጡ አንዲት እናት ሴራሚኩ ላይ አዳልጧቸው ወደቁና እጃቸው ተሰበረ። ቤተሰቦቻቸው ምንም አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አሁን አንድ ሥራ ተቋራጭ «ኮብልስቶኑን ሳናነሣ ከላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት እንሙላበትና ይገላገሉ» ይለኛል። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ከወሰንሽ ውጪ ያለው የመንግሥት ነው፣ ምን አገባሽ» ይሉኛል። ሚያዝያ ሊያልቅ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ድንጋዩና ስለ ኮንክሪቱ ብዙ የምለው አለኝ። አስቀድሜ ግን እንቅልፍ ያሳጣዎትን ነገር ላንሣ።

እስካሁን ካልሄዱ እኚያን እናት ሄደው ይጠይቋቸው። ቤተሰቡ ዝም ማለቱ ነገሩን አይዘጋውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያዛል። ዝናብ ሲነካው እንደሚያዳልጥ የታወቀ መግቢያ እንዲያው ተትቶ ሰው ሲወድቅበት፣ ዳኛ ፊት ቢቀርብ መልስ መስጠት ይከብዳል። ይህን የምጽፈው ላስፈራራዎት አይደለም። ሰው መሀል ሳይገባ፣ በራስዎ እግር ሄደው የሕክምናውን ወጪ ጠይቀው ቢሸፍኑ ለእሳቸውም ለእርስዎም እረፍት ነው። እጃቸው በደንብ ገጥሞላቸው እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያግዛቸው ይጠይቁ። የተሰበረ እጅ ቶሎ ወደ ሥራው አይመለስም።

ከዚያ ሲመለሱ ሴራሚኩን ያስነሡ። ይህ ክረምት አልፎ ጥቅምትን የሚጠብቅ ሥራ አይደለም፤ በዚህ ሳምንት የሚሠራ ነው። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ለሳሎን ወይም ለግድግዳ የተሠራ ነው። እናንተ አካባቢ ሰው በጫማው የሚያመጣው ጭቃ የመረሬ (የጥቁር አፈር) ጭቃ ነው፤ ይህ አፈር ደቃቅ ስለሆነ ውሃ ሲነካው በሴራሚኩ ላይ እንደ ሳሙና ይለቀለቃል። ሻጮች በክረምት በራቸው ላይ ካርቶን ያነጥፋሉ፤ ካርቶኑ በስብሶ ሲታጠፍ እሱ ራሱ ሌላ መሰናክል ይሆናል። ሴራሚኩ ተነሥቶ እስኪተካ ድረስ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ዳር ዳሩን በምስማር ይዘው ያስቀምጡ እንጂ ካርቶንና ጆንያ እንዳይነጠፍ ለፋርማሲው ሠራተኞች ይንገሯቸው።

በሴራሚኩ ቦታ የሚገባው ፊቱ ሻካራ የሆነ የሲሚንቶ ንጣፍ ወይም በመሮ የተወቀረ ድንጋይ ነው። ግንበኛው «ሊሾ ላድርግልዎት» ካለ እምቢ ይበሉ፤ በፍራታሶ የተወለወለ ሲሚንቶ ሲረጥብ ከሴራሚክ ብዙም አይሻልም። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በጠንካራ መጥረጊያ በአግድሙ ይጫርበት፤ ያ ጭረት ነው ጫማውን የሚይዘው። ደረጃዎቹ ሁሉ ቁመታቸው አንድ ይሁን። የሰው እግር የመጀመሪያውን ደረጃ ከለካ በኋላ ቀጣዩንም በዚያው ልክ ይጠብቃል፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ ይደናቀፋል። የየደረጃው ጠርዝ ቢጫ ቀለም ይቀባ፣ በጎኑ የእጅ መደገፊያ ብረት ይተከል። ደግሞም የፋርማሲ በር ነው፦ በክራንች የሚሄድ፣ በዊልቸር የሚመጣ፣ ሕፃን አዝላ የምትመጣ እናት ይገቡበታል። ስለዚህ ከደረጃው ጎን ተዳፋት መግቢያ ያሠሩ። መለኪያው ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። ደረጃዎ በጠቅላላው 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 3 ሜትር ከ60 ይሆናል፤ እርስዎ ደግሞ ስምንት ሜትር ቦታ አለዎት። ብዙ ጊዜ የማየው አጭርና ቀጥ ያለ ተዳፋት ለሞተር ብስክሌት እንጂ ለዊልቸር የሚሆን አይደለም።

አሁን ወደ ሥራ ተቋራጩ ሐሳብ ልምጣ። አይቀበሉት።

ኮብልስቶንዎ አልተበላሸም። 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ የአንድ ሰው ዕድሜ ሙሉ ቢረገጥ አያልቅም። የተበላሸው ከሥሩ ያለው መደብ ነው፤ ኮንክሪቱ ደግሞ መደቡን አይነካውም። ከታች የሚንቀሳቀሰው አፈር መንቀሳቀሱን ይቀጥላል። ኮብልስቶን ቢያንስ አብሮ ይጎብጣል፤ ኮንክሪት ግን መጉበጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ውሃውን ቀጥታ ወደ ታች ያስገባል። ነገ ከሥሩ የሚያልፍ የውሃ ቱቦ ቢፈነዳ ኮብልስቶኑን በእጅ አንሥተው መልሰው ይደረድሩታል፣ ኮንክሪቱን ግን በመዶሻ ማስፈረስ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ግቢው በ10 ሳንቲ ሜትር ሲያድግ የበሮችዎ መግቢያ በዚያው ልክ መውረዱ ነው። ያኔ የሐምሌው ውሃ የሚያቁረው ደጅ ላይ መሆኑ ቀርቶ የፋርማሲው መደርደሪያ ሥር ይሆናል።

እርስዎ በየዓመቱ የጨመሩት አሸዋም በሽታውን ያልነካው በዚሁ ምክንያት ነው። አሸዋው ከላይ ይገባል፣ ውሃው ከታች ያጥበዋል።

ስለዚህ ስለ ድንጋይ ማሰብ ትተን ለጊዜው ውሃውን እንከተል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ጽፈውልኛል፦ ከግድግዳው ሥር ይሰምጣል፣ መሀሉ ያብጣል። ሁለቱም ምንጫቸው ውሃ ነው፤ የሚመጡት ግን በተለያየ መንገድ ነው።

ከግድግዳው ሥር ያለው መሬት ቤቱ ሲሠራ ለመሠረት ተቆፍሮ የነበረ ነው። ግንቡ ካለቀ በኋላ ጉድጓዱ የሚሞላው ብዙ ጊዜ በተገኘው አፈርና ፍርስራሽ ነው፣ ሳይጠቀጠቅ። ያ ሙሌት ውሃ ባገኘ ቁጥር ይወርዳል። ውሃውስ ከየት ይመጣል? ጣሪያዎን ይመልከቱ። ከአሸንዳው የሚወርደው ቱቦ የሚያልቀው የት ነው? በብዙ ቤቶች ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተቆርጦ ኮብልስቶኑ ላይ ይተፋል። ጣሪያዎ 150 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ከባድ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 4,500 ሊትር ውሃ ነው። ሁለት መቶ ሊትር በሚይዘው በርሜል ቢለካ ከ22 በርሜል ይበልጣል፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ያውም በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ብቻ። ከሰኔ እስከ መስከረም ይህ ስንት ቀን እንደሚደጋገም እርስዎ ያውቁታል። የትኛውም ንጣፍ ይህን አይችልም።

የመሀሉ እብጠት ደግሞ የአፈሩ ጠባይ ነው። ከአቃቂ እስከ ገላን፣ ወደ ኮዬ ፈጬም ስንሄድ፣ ከእግራችን ሥር ያለው ጥቁሩ መረሬ አፈር ነው። ገበሬው ያውቀዋል፤ ጤፍና ሽምብራ ይሰጣል፣ በጋ ሲሆን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ክረምት ሲሆን እግር ይዞ አይለቅም። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሜዳ ላይ ይህን ሲያደርግ ማንንም አይጎዳም። ንጣፍ ሲጫንበት ግን መሀሉ ተሸፍኖ ስለሚቆይ የገባበት እርጥበት አይወጣም፣ ዳሩ ግን ፀሐይ ስለሚያገኘው ይደርቃል። መሀሉ እንዳበጠ፣ ዳሩ እንደተኮማተረ ይቀራል። ያ ነው እርስዎ የሚያዩት። በአቅራቢያው ባሕር ዛፍ ካለ ደግሞ ሥሩ እርጥበቱን ከአንድ ወገን ስለሚመጥ መዛነፉ ይብሳል።

እዚህ ላይ ከራሴ ሥራ የደረሰብኝን ልንገርዎት፤ ብዙ ባለሙያዎች ዛሬም የሚሠሩት ስሕተት ስለሆነ ነው። ከዓመታት በፊት ገላን ውስጥ ለአንድ መጋዘን የእግረኛ መንገድ አሠራሁ። መረሬው እንደሚያስቸግር አውቅ ስለነበር 60 ሳንቲ ሜትር አስቆፍሬ አስወጣሁት። በቦታው ጥሩ ገረጋንቲ አስሞላሁ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እያስነጠፍኩ በማሽን አስጠቀጠቅሁ፣ ከላዩ ንጣፉን አስደረደርኩ። በእጄ ካለፉት ሥራዎች ሁሉ የተሻለው መስሎኝ ነበር። በቀጣዩ ነሐሴ ባለቤቱ ደወሉልኝ። ሄጄ ሳየው መንገዱ ተወለጋግዷል። ስናስቆፍረው ገረጋንቲው ውስጥ ውሃ ቆሞ አገኘን፤ በእጅ የሚጨለፍ ውሃ። ጥቁር አፈር ውሃ በቀላሉ አያሳልፍም። እኔ የቆፈርኩት ጉድጓድ ገበቴ ሆኖ፣ የሞላሁት ገረጋንቲ ደግሞ ውሃውን እየተቀበለ አጠራቀመው፤ ከሥርና ከጎን ያለው መረሬ ክረምቱን ሙሉ ሲጠጣ ከረመ። አፈር ማስወጣቴ ልክ ነበር። ውሃው የሚወጣበትን አለማዘጋጀቴ ሥራውን ሁሉ ገደለው። የጥገናውን ወጪ ግማሽ እኔ ቻልኩ፤ ከዚያ ወዲህ መውጫው ያልታየ ቁፋሮ አላስጀመርኩም።

የእርስዎም ግቢ ሲቆፈር የጉድጓዱ ወለል እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ እንዳይሆን፤ ወደ አንድ ወገን ያዘንብል። በዝቅተኛው ጥግ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ በጠጠር ተከብቦ ይቀበርና ውሃውን ወደ ቦይ ያውጣው። ቦዩ ከጉድጓዱ ወለል ከፍ ያለ ከሆነ ቱቦው ምንም አይሠራም፤ ስለዚህ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የሁለቱ ከፍታ ይለካ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፦ ግንበኞች ውሃ ሞልተው የሚለኩበት ግልጽ ጎማ በቂ ነው። ቦዩ ከፍ ካለ ቁፋሮውን ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ቀንሰው የቀረውን መረሬ ከኖራ ጋር አደባልቆ መጠቅጠቅ ይቻላል። ኖራ ከዚህ አፈር ጋር ሲዋሐድ እብጠቱን ይቀንሰዋል። ልኩን ግን አፈሩን የመረመረ ባለሙያ ይወስን፤ በግምት የሚበተን ኖራ ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን እርስዎ ራስዎ የሚሠሩት አንድ ሥራ አለ። ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ያስይዙና ከግድግዳው ሥር ያስፈስሱ፤ በፋርማሲው በኩል፣ ከዚያ በካፌው፣ ከዚያ በመደብሩ። ውሃው የሄደበትን፣ የቆመበትን፣ ወደ ውስጥ የሰመጠበትን በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ ወረቀት ላይም ይሣሉት። ውሃው ከግድግዳው መራቅ አለበት፤ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት በቂ ነው። በስምንቱ ሜትር 16 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ይህን ያህል ተዳፋት ለሚራመድ ሰው አይሰማውም፣ ውሃውን ግን አያስቆመውም። በዳርቻ ሰፈሮች አስፋልቱ በየጊዜው ከፍ ስለሚደረግ ቤቶች ከመንገዱ በታች ይቀራሉ። የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ ወደ መንገዱ መግፋት አይቻልምና በግቢው መሀል በአግድም ቦይ ይሠራ፣ በብረት ፍርግርግ ይከደን፣ ውሃውን ወደ ዝቅተኛው ጎን ይውሰድ። የፍርግርጉ ቀዳዳ የሴት ጫማ ተረከዝና የክራንች ጫፍ የማያስገባ ጠባብ ይሁን።

ሌላም የውሃ ምንጭ ያጣሩ። ማታ ቧንቧ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ፤ ጠዋት ማንም ሳይከፍት ይመልከቱት። ከተንቀሳቀሰ ከመሬት በታች የሚፈስ ቱቦ ሊኖር ይችላል። ሮቶዎም ሞልቶ ሲፈስ ወዴት እንደሚፈስ ይዩ። የካፌው ሠራተኞች የዕቃ እጣቢውን ወዴት እንደሚደፉትም ይመልከቱ። በየቀኑ ሦስት ባልዲ እጣቢ በአንድ ቦታ ላይ ሲደፋ በበጋም ክረምት ማለት ነው። በዚያ ላይ ቅባቱ ንጣፉን ያንሸራትተዋል።

አሁን ደስ የማይልዎትን ነገር ልናገር። ኮብልስቶኑን አንሥቶ እንደገና የመሥራቱን ሥራ ከክረምት በፊት አይጀምሩት። በልጉ ጥቂት ቢዘንብም ግንቦት ላይ መረሬው ወደ ጥልቁ ደርቆ ተኮማትሯል። በዚያ ላይ አስተካክለው ቢደረድሩ ሰኔና ሐምሌ ሲያብጥ ያነሣዋል። መሬቱ ከመጠን በላይ ያልደረቀበት፣ ጭቃም ያልሆነበት ጊዜ ከመስቀል በኋላ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር። ከአሁን እስከ ሰኔ ውሃውን መልክ ያስይዙ። የአሸንዳውን ቱቦ በወፍራም ፕላስቲክ ቱቦ ቀጥለው እስከ ቦዩ ያድርሱ፤ ቦዩን ከደለልና ከላስቲክ ያስጠርጉ፤ የካፌውን እጣቢ ወደ ፍሳሽ መስመሩ ያስገቡ። ጫማ የሚያደናቅፍ ደረጃ የፈጠሩትን ድንጋዮች ብቻ ለጊዜው አስነሥተው መልሰው ያስደርድሩ። በአንዳንድ አገሮች የእግረኛ መንገድ ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ቀጥ ያለ ከፍታ ተስተካክሎ መሠራት እንዳለበት ይደነገጋል። ትንሽ ይመስላል፤ እግራቸውን እየጎተቱ ለሚራመዱ አዛውንት ግን በቂ መሰናክል ነው። እውነቱን ለመናገር አሸንዳው ብቻ ተስተካክሎ የመስመጡ ነገር በግማሽ ቢቀንስ አይገርመኝም፤ ደግሞም ከሁሉም ሥራ ርካሹ እሱ ነው።

ጥቅምት ላይ ሥራው ሲጀመር ድንጋዮቹ ይቆጠሩ፣ ይታጠቡ፣ ይከመሩ፤ አዲስ መግዛት አያስፈልግዎትም። መደቡ ከተጠቀጠቀ በኋላ የሚነጠፈው አሸዋ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሠራተኛው መደቡ የጎደለውን በአሸዋ ልሙላው ካለ አያስጀምሩት፤ የወፈረ አሸዋ ቦታ ሁሉ በኋላ ጉድጓድ ይሆናል። አሸዋውም አፈር የበዛበት እንዳይሆን በቤትዎ ይፈትኑት። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት አሸዋና ውሃ ጨምረው በደንብ ያናውጡት፣ አሳድረው ይዩት። ከአሸዋው በላይ የሚቀመጠው ደለል በ10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ መኪናውን ይመልሱት። ዳሩ በከርብስቶን (በጠርዝ ድንጋይ) ካልታሰረ ድንጋዮቹ ወደ ጎን ይሸሻሉ፤ ከርብስቶኑ ራሱ ኮንክሪት ላይ ይቀመጥ። በመገጣጠሚያው የሚገባው ደረቅ አሸዋ ነው። ብዙ ቦታ የሲሚንቶ ውሃ ሲያፈሱበት አያለሁ፤ መልኩን ያሳምረዋል፣ ግን ንጣፉ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ሲሚንቶው ይሰባበርና ውሃ ያስገባል፣ ለማንሣትም አያመችም። ከአንድ ወር በኋላ አሸዋው ስለሚወርድ እንደገና ይጠረግበት፤ ይህን ሁለተኛ ዙር በውሉ ላይ ያስጽፉት፣ ካልተጻፈ ማንም ተመልሶ አይመጣም።

ከግድግዳው ሥር ያለው የድሮ ሙሌት ተቆፍሮ ይውጣ፤ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ኮብልስቶኑ ተደርድሮ ካለቀ በኋላ ይህ ተሠርቶ እንደሆነ ማንም ሊያይ አይችልምና ቁፋሮው ክፍት በሆነበት ቀን ከሠራተኞቹ ጋር ይዋሉ።

ስለ ሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። 50 ኩንታል ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ከራሱ ክብደት ሌላ 5 ቶን ይዞ ነው ኮብልስቶንዎ ላይ የሚወጣው። ለእግረኛ የተሠራ ንጣፍ ይህን ተሸክሞ አይቆይም። ሁለት ምርጫ አለዎት፦ መኪናው በምሰሶ ይታገድና ዕቃው በጋሪ ይግባ፣ ወይም ለማራገፊያ የሚሆን አንድ ቦታ ብቻ ተለይቶ በፌሮ የታሰረ 15 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ይሠራ። ተቋራጩ ኮንክሪት መሥራት ከፈለገ ቦታው ያ ነው፤ ከሥሩ የጠቀስኩት መደብና የውሃ መውጫ ኖሮ፣ ቢያንስ በየ3 ሜትሩ መጋጠሚያ ተቆርጦለት፣ ለሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ እየጠጣ። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ደግሞ በ28 ቀን ገደማ ነውና በሳምንቱ መኪና እንዳይወጣበት። የኪራይ ውሉ ሲታደስ ማን የት እንደሚያራግፍ፣ የሰበረው እንደሚጠግን፣ በደጁ ያለውን ማን እንደሚጠርግ ይጻፍ።

ጎረቤቶችዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ከወሰንዎ ውጪ ያለው የእግረኛ መንገድ የከተማው ነው፤ ያለ ፈቃድ መቆፈርም ከፍ ማድረግም አይችሉም። ከሥሩ የውሃ፣ የመብራትና የቴሌ መስመር ሊያልፍ ይችላል። ወሰንዎ የት እንደሚያልቅ የይዞታ ካርታዎን ያዩና ከዚያ ወዲያ ያለውን ብልሽት ለወረዳውና ለአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቅጂውን ማኅተም አስመትተው ያስቀምጡ። «ምን አገባሽ» የሚለውን ግን አይስሙ። የመደብሩ ፌሮና የፕላስቲክ ቱቦ፣ የካፌው ወንበርና ጃንጥላ እስከ ከርብስቶኑ ድረስ ሲደረደር እግረኛው የት ይሄዳል? አስፋልቱ ላይ ነው የሚወርደው፤ እዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ሲኖትራክ ነው የሚያልፈው። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው በመኪናና በወንበር መካከል ሲሾልኩ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ወደ ውጭ የተዘረጋ የፌሮ ጫፍ ደግሞ በነጭ በትር መንገዱን እየፈለገ ለሚሄድ ዓይነ ስውር ፊቱ ላይ የሚጠብቀው ነው፤ በትሩ ከታች ያለውን እንጂ ከደረት በላይ ያለውን አይነግረውም። ይህን ማስነሣት የባለሥልጣን ፈቃድ አይጠይቅም፤ የእርስዎን ቃል ብቻ ነው።

በወሰንዎ ውስጥ ያሉትን የማንሆል ክዳኖችም ዛሬውኑ ዞረው ይቁጠሩ። የጎደለ ወይም የተሰነጠቀ ካለ ክረምት ሳይገባ በፌሮ የታሰረ የኮንክሪት ክዳን ያሠሩለት፤ የብረቱ ስለሚሰረቅ ብዙ ሰው ወደ ኮንክሪቱ ዞሯል። ጎርፍ ከሸፈነው በኋላ ክፍት ማንሆልና ጤናማ መንገድ አንድ ይመስላሉ። በጥላው በኩል በድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽበትም በጠንካራ ብሩሽና በውሃ በቀጠነ በረኪና ያስፈትጉት፤ በመስከረም ብዙ ሰው የሚጥለው እሱ ነው።

በሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘው ይውጡና ከፋርማሲው በር አጠገብ ይቁሙ። በጀሪካን ያገኙት ምልክት ከእውነተኛው ዝናብ ጋር ይገጥም እንደሆነ ይዩ፤ የቀጠሉት ቱቦም ውሃውን እስከ ቦዩ ማድረሱን ይከታተሉ። በዚያው ወረቀት ላይ በሌላ ቀለም ይሣሉትና ይላኩልኝ። የጥቅምቱን ቁፋሮ ከየትኛው ጥግ እንደምንጀምር ከእሱ ላይ እናያለን። የእኚያን እናት ደኅንነትም አብረው ይጻፉልኝ።